የአሮጌ መኪና እድሳት ከቀለሙ ሥር ባለው ላሜራ ይመዘን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣዎ አሮጌ ቮልስዋገኖች፣ በተለምዶ ቮልስ የምንላቸው ጥንዚዛ መሰል ትንንሽ መኪኖች፣ በአዲስ አበባ እንደገና ተፈላጊ ስለመሆናቸው ያወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ መኪኖቹ ከጋራዥ ሲወጡ ስላላቸው አዲስ ቀለም፣ ስለሚያብረቀርቀው ኒኬልና በውድ ስለተለበጠው ወንበር በሰፊው አትቷል፤ ከዚያ ቀለም ሥር ስላለው ላሜራና ከወንበሩ በታች ስላለው ወለል ግን አንድም ቃል አላነሳም። ዕድሜዬን የመኪና ላሜራ ቀጥቅጦ በሚያስተካክለው በባትላሜራ ሙያ ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ ይህ ዝምታ አሳስቦኛል። መኪናው ከእድሳት በኋላ ዓመታት ይቆይ ወይም በሁለተኛው ክረምት እንደገና ይበስብስ የሚወስነው ጽሑፉ ያልጠቀሰው ክፍል ስለሆነ፣ የሚከተለውን ለአንባቢዎችዎ እንዲያደርሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ፍላጎቱ ለምን እንደጨመረ ሁላችንም እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ የኖረ ቮልስ ሁሉ ገዢ አገኘ። ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ ቸኳይ ነው። መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ አምሮ እንዲወጣለት ይፈልጋል፤ ባለጋራዡም ሥራው እንዳያመልጠው የተባለውን ቀን ይቀበላል። ላሜራ ቆርጦ፣ ቀጥቅጦና ገጣጥሞ ለመሥራት የሚበቃ ጊዜ ስለማይኖር የበሰበሰው ሁሉ በስቱኮ፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር መሙያ ሊጥ፣ ይሞላል።

ስቱኮ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እጅግ የሠለጠነ ባትላሜራም ቢሆን ላሜራውን በመዶሻ ካስተካከለ በኋላ የሚቀሩትን ጥቃቅን ሞገዶች ለማለስለስ ይጠቀምበታል። ውፍረቱ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር ካልበለጠና ጤነኛ፣ ንጹሕ ላሜራ ላይ ካረፈ ለዓመታት ይቆያል። ጥፋቱ የሚጀምረው የበሰበሰ ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ወይም በፋይበር ተደፍኖ በላዩ ላይ ስቱኮ ሲከመርበት ነው። ስቱኮ እርጥበት ይስባል። ከኋላው ያለው ዝገት አየርና ውኃ ስለሚያገኝ ሥራውን አያቆምም፤ ቀለሙ መጀመሪያ ያብጣል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ስቱኮው እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ይወድቃል። የሚገዛ ሰው አንድ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በበሩ የታችኛው ጠርዝ፣ በፓራፋንጎው (ጎማውን በሚሸፍነው ላሜራ) ዙሪያና በኋላው መስታወት ሥር ቢያንቀሳቅስ ላሜራ የት እንዳለ፣ ስቱኮ የት እንዳለ በደቂቃዎች ውስጥ ያውቃል። ይህን ለማድረግ የሚያፍር ገዢ አጋጥሞኛል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ሐቀኛ ባለሙያም በዚህ አይቀየምም።

የእኛ አገር መኪኖች ከአውሮፓዎቹ የሚለዩበት አንድ ትልቅ ዕድል አለ። መንገዶቻችን ላይ በረዶ ለማቅለጥ ጨው አይበተንም። በዚህም ምክንያት እዚህ የኖሩ ብዙ ቮልሶች ጣራቸው፣ ኮፈናቸውና የበራቸው የላይኛው ክፍል ዛሬም ከፋብሪካ የወጣው ላሜራ ነው። የሚበሰብሰው የታችኛው ክፍል ነው፤ በክረምት በእግር የገባ ውኃና ጭቃ ከጎማው ምንጣፍ ሥር ለወራት ሲቆይ ወለሉን ይበላዋል። ከሁሉም ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ ሲሆን፣ እዚያ የባትሪው አሲድ ይጨመርበታል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ቮልስ ማደስ ማለት በአብዛኛው ከወገብ በታች ያለውን መሥራት ማለት ነው። ይህም ለዓይን የማይታየው ክፍል በመሆኑ ደንበኛው ሊከፍልበት የማይፈልገው እሱን ነው።

የቮልስዋገን አሠራር ለባለሙያ የተመቸ ነው። አራቱ ፓራፋንጎዎች፣ ሁለቱ ክዳኖችና በሮቹ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ቦዲው ራሱም ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ስለሆነ ተነሥቶ ለብቻው ሊሠራ ይችላል። በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ይገባል፤ ሥራውም ሁለቱ ብረቶች እንዳይፋተጉና ውኃ እንዳይቋጥሩ መከላከል ነው። አሁን አሁን ይህን ጥብጣብ አውጥተው መገጣጠሚያውን በስቱኮ ደፍነው፣ ፓራፋንጎና ቦዲ አንድ ወጥ መስለው እንዲታዩ የሚያደርጉ አሉ። ለጊዜው ያምራል። መኪናው ጥቂት የኮብልስቶን መንገድ እንደሄደ ግን ስቱኮው ይሰነጠቃል፤ ፓራፋንጎው ሲጋጭም በብሎን ይፈታ የነበረው በግራይንደር መቆረጥ ይኖርበታል። ሌላው የተለመደ ስሕተት የዘመን መቀላቀል ነው። ከነሐሴ 1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠሩት ቮልሶች የፊት መብራታቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን የቀደሙት ግን ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ፓራፋንጎውም በዚሁ መጠን ይለያያል። ከሶማሌ ተራ የተገኘ ጥሩ ፓራፋንጎ ሁሉ ለሁሉም ቮልስ አይሆንም።

ከባዱና ብዙ መኪና የተበላሸበት ሥራ ግን በበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት ሣጥን መሰል ላሜራዎች ናቸው። ከኋላ ካለው ሞተር የሚመጣውን ሙቀት ወደ ፊት የሚያስተላልፉት እነዚህ ሣጥኖች የቦዲውን ቅርጽ የሚይዙ ምሰሶዎችም ናቸው። ሲበሰብሱ መቀየር አለባቸው፤ ሆኖም በሩ እንደተፈታ፣ ቦዲው ምንም ድጋፍ ሳይደረግለት ሁለቱም በአንድ ቀን ከተቆረጡ ቦዲው ይሰምጣል፣ የበሩ ክፍተትም ይጠብባል ወይም ይሰፋል። ከዚያ በኋላ በሩ በምንም ብልሃት አይገጥምም፤ ብዙ ጊዜ የምናየው ከታች የተከፈተ፣ ከላይ የተጣበቀ በር መነሻው ይኸው ነው። ትክክለኛው አሠራር ከመቁረጥ በፊት የበሩን ክፍተት ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ በብረት ቱቦ በይዶ ማጠንከር፣ ልኩን ጽፎ መያዝ፣ አንዱን ጎን ጨርሶ በሩን ገጥሞ ካዩ በኋላ ብቻ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ይህ ቀናት ይወስዳል። በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ የሚል ሰው መኪናውን አላወቀውም።

ጣራ ቆርጦ ክፍት መኪና የማድረግን ፋሽን በተመለከተም ዝም ማለት አልችልም። ፋብሪካው ያወጣቸው አብዛኞቹ ክፍት ቮልሶች ከ1949 እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) ኦስናብሩክ በሚገኘው በካርማን ድርጅት የተሠሩ ሲሆን፣ ጣራው የሚሰጠው ጥንካሬ ስለቀረባቸው በበሮቹ ሥርና በጎን ምሰሶዎቹ ተጨማሪ ወፍራም ብረት ተደርጎላቸዋል። የተራውን ቮልስ ጣራ በግራይንደር ቆርጦ ማንሣት ይህን ሁሉ ድጋፍ ሳይሰጡ ምሰሶውን መንቀል ነው። መኪናው መሐሉ ላይ ይጎብጣል፣ በጉዞ ላይም በሩ ሊከፈት ይችላል፤ ቢገለበጥ የተሳፋሪው ጉዳይ ከዚህ ደብዳቤ በላይ ነው። ይህን ሥራ እንድሠራ የጠየቁኝን ሁሉ አልሠራም ብዬ መልሻለሁ፤ ሌሎች ባልደረቦቼም እንዲመልሱ እለምናለሁ።

የሚተካው ላሜራ ከየት ይመጣል? ቮልስዋገን የመጨረሻውን ባለ አሮጌ ቅርጽ መኪና ፑዌብላ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ሐምሌ 30 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) እስኪያወጣ ድረስ 21,529,464 መኪኖች ተሠርተዋል፤ ይህን ያህል ብዛት ስላለውም በውጭ አገር ለእያንዳንዱ ክፍል ማለት ይቻላል አዲስ ላሜራ የሚያመርቱ አሉ። እኛ ዘንድ ግን የውጭ ምንዛሪው፣ መጓጓዣውና ቀረጡ ተደምሮ አንድ የወለል ላሜራ ከሚገባው ዋጋ እጅግ ስለሚበልጥ አብዛኛው በእጅ ይሠራል። በእጅ መሥራቱ የሚያሳፍር አይደለም፤ በደንብ ከተሠራ እኮራበታለሁ። ነገር ግን የላሜራው ምርጫ ወሳኝ ነው። የቮልስ ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ከምናለሽ ተራ የሚገኝ ንጹሕ የበርሜል ላሜራ ውፍረቱ ከተመረጠ ያገለግላል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ግን አያገለግልም፤ በላዩ ያለው ዚንክ ብየዳውን ያበላሻል፣ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስም የበያጁን ጤና ይጎዳል። በየጋራዡ ይህን ጭስ ያለ ምንም መከላከያ የሚተነፍሱ ወጣቶችን ሳይ አዝናለሁ።

የወለሉ ላሜራ ላይ የሚታዩት ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም። ስስ ላሜራ ጠንካራ የሚሆነው በእነርሱ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚደረገው ዝርግ ላሜራ ቆርጦ በቦታው መበየድ ነው፤ ውጤቱም በእያንዳንዱ ጉድጓድ የሚያጓራና ወንበሩ የሚታሰርበት ቦታ ላይ የሚሰነጠቅ ወለል ነው። መስመሩን ለማውጣት ፋብሪካ አያስፈልግም። ከጠንካራ እንጨት ቅርጹን ቀርጾ፣ ላሜራውን ከላይ አስሮ፣ በእንጨት መዶሻ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ በቀስ ማስገባት ይበቃል። ጥምዝ ላለው ክፍል ደግሞ መጀመሪያ በካርቶን ልኩን ማውጣት፣ ላሜራውን በአሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ መቀጥቀጥ፣ ከዚያም በመዶሻና በመደገፊያ ብረት ማለስለስ ነው። ብየዳው ሲመጣ ቸኩሎ መስመሩን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ላሜራውን በሙቀት ያጣምመዋል፤ በተራራቁ ቦታዎች ነጥብ ነጥብ እያሉ፣ እያቀዘቀዙና ቦታ እየቀያየሩ መሄድ ይገባል። በኦክስጅንና በካርባይድ የሚበይዱ አረጋውያን መምህሮቻችን ይህን በዘመናዊው ሲኦቱ የብየዳ ማሽን ከሚሠሩት ወጣቶች በተሻለ ያውቁ ነበር፤ እሳታቸው ሰፊ ስለነበረ ትዕግሥት ግዴታቸው ነበር።

አሁን ወደ ውስጡ ልግባ፤ እዚህ ላይ ከውበት በፊት የደኅንነት ጉዳይ አለና። ከላይ እንዳልኩት የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩ የብረት ሞላ አለው፤ የፋብሪካው ሙሌት ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ደረቅ የኮኮናት ቃጫ ነው። ሞላው ተዳክሞ ወይም አዲስ ሞላ ተገጥሞለት ከባትሪው ጫፍ ጋር ከተነካካ፣ ከኋላ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ኮረንቲው ሞላውን ያግለዋል፣ ሙሌቱም ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። መከላከያው ባትሪውን የሚሸፍን የማይነድ ክዳን ብቻ ነው። ሆኖም ወንበሩን አድሶ መኪናውን የሚያስረክብ ታፔሴሪያ (የወንበርና የውስጥ ልባስ ባለሙያ) ክዳኑን የት እንዳደረገው ሲጠየቅ ግራ የሚጋባበትን ጊዜ ደጋግሜ አይቻለሁ። ባለመኪናዎች ዛሬ ማታ የኋላ ወንበራቸውን አንሥተው እንዲያዩ አሳስባለሁ።

የበሩ የውስጥ ሽፋን ሌላው የተረሳ ጉዳይ ነው። ዝናብ በመስታወቱ ጎማ በኩል ወደ በሩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ በሩም ይህን ውኃ በታችኛው ጠርዝ ባሉት ቀዳዳዎች እንዲያፈስስ ተደርጎ ነው የተሠራው። ቀለም የሚቀቡ ሰዎች እነዚህን ቀዳዳዎች በስቱኮና በቀለም ይደፍኗቸዋል፤ ታፔሴሪያውም ከሽፋኑ ጀርባ የነበረውን የፕላስቲክ መከላከያ ጥሎ ሽፋኑን በቀጥታ ይገጥማል። ከዚያ ውኃው ከታች ይቋጠራል፣ የሽፋኑ ካርቶንም ይጠጣል፤ በአዲስ ሌዘር የተለበጠው በር በአንድ ክረምት ያብጣል። ካርቶኑን በስስ የኮምፔንሳቶ እንጨት መተካት፣ ጀርባውን ቀለም መቀባትና ፕላስቲኩን መልሶ ማድረግ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የጣራው ኮርኒስ የሚሠራው ከፊትና ከኋላ መስታወት በፊት ነው። ጨርቁ በሽቦዎቹ ተወጥሮ ጫፉ ከመስታወቱ ጎማ ሥር መግባት አለበት። መስታወቱ ከተገጠመ በኋላ የሚሠራ ኮርኒስ ጫፉ በኮላ ስለሚያዝ በበጋ ፀሐይ ይላቀቃል። ሽቦዎቹ እያንዳንዳቸው ቁመታቸው የተለያየ በመሆኑ ሲወጡ በቅደም ተከተል ቁጥር ካልተሰጣቸው መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ስለ ቆዳም አንድ ነገር ልበል። አገራችን በበግ ቆዳዋ የታወቀች ናት፤ የደጋው በጋችን ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ የውጭ የጓንት ሠሪዎች ይፈልጉታል። ይኸው ስስነቱ ለመኪና ወንበር አይመችም፤ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ጠርዙ ቶሎ ያልቃል። ለወንበር የሚሆነው የከብት ቆዳ ነው። ቮልስ ግን በአብዛኛው ከፋብሪካ የወጣው በጨርቅ ወይም በላስቲክ ልባስ ስለሆነ፣ የመኪናውን መልክ መጠበቅ የሚፈልግ ሰው በቅርጫት ሽመና አምሳያ የታተመ ጥሩ ላስቲክ ቢያስለብስ ወጪውም ይቀንሳል፣ ለመኪናውም ታማኝ ይሆናል። የአሮጌውን ልባስ ስፌት ፈትቶ እያንዳንዱን ቁራጭ ለልክ ማስቀመጥ ግን ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው አሮጌው ተቀድዶ ከተጣለ በኋላ በግምት መቁረጥ ነው፤ ወንበሩ የሶፋ ቅርጽ ይዞ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር በወለሉ መሐል ከፍ ብሎ በሚያልፈው ጀርባ ላይ መሆኑን ባለመኪናውም፣ በያጁም፣ ታፔሴሪያውም ሊያውቁ ይገባል። በግራይንደር ሲጠረግ ወይም በሬንጅ ሲሸፈን ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይመሳከርም፤ ባለቤቱም ቦሎ ለማውጣት ሲሄድ ችግሩ የእርሱ ይሆናል።

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ ጥንታዊ ተሽከርካሪ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ መልኩ የተጠበቀውንና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግለውን ነው። የእኛ ቮልሶች በዚህ ሦስተኛ መስፈርት ይወድቃሉ፤ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ሽንኩርት ከገበያ ያመጣሉ። ይህ ያሳንሳቸዋል ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ የፌዴሬሽኑ የአጠባበቅ መመሪያ፣ የቱሪን ቻርተር፣ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱን ያለ ምንም ማመንታት መውሰድ እንችላለን፤ የተለወጠው ሁሉ ይመዝገብ፣ አዲስ የገባው ክፍልም ከአሮጌው እንዲለይ ምልክት ይደረግበት ይላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደነበር አገር ያውቃል። ይህን የመሰለ ታሪክ ያለው የመኪና ዓይነት በየጋራዡ ተቆርጦ ማን ምን እንደቀየረ ሳይታወቅ ሲቀር ለነገ ተመራማሪ የሚተርፈው ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል።

ምዝገባው ውድ አይደለም። ባለመኪናው ከመበተኑ በፊት፣ ስቱኮው ከተነሣ በኋላ፣ አዲሱ ላሜራ ተበይዶ ገና ሳይቀባ በስልኩ ፎቶ ያንሣ፤ ጋራዡም ደረሰኙ ላይ የትኛው ላሜራ እንደተቀየረና ምን ውፍረት እንዳለው ይጻፍ። በተለይ ያልተቀባውን ላሜራ ሳያሳይ ቀለም የሚያስነካ ጋራዥ ክፍያውን ሙሉ ሊቀበል አይገባም። ዋናውን ቀለም ማወቅ የሚፈልግም ከዳሽቦርዱ ሥር ወይም ከመስታወቱ ጎማ በታች ይፈልግ፤ የፋብሪካው ቀለም ብዙ ጊዜ እዚያ ሳይነካ ይገኛል።

በመጨረሻ ሁለት ልመና አለኝ። አንዱ ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ነው። ተማሪዎቻችሁ ዛሬ የሚማሩት የተበላሸን ክፍል በአዲስ ስለመተካት ነው፤ የሚተካው በማይገኝበት አገር ግን ክፍሉን ራሱን መሥራት የሚችል እጅ ያስፈልጋል። በተክለ ሃይማኖትና በሌሎች ሠፈሮች ይህን የሚችሉ አረጋውያን ባትላሜራዎችና ታፔሴሪያዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ዲፕሎማ ባይኖራቸውም በሳምንት አንድ ቀን ተጋብዘው በተማሪ ፊት አንድ ፓራፋንጎ ቢያወጡ ትምህርቱ ይጓደላል ብዬ አልፈራም። ሁለተኛው ለእርስዎ ዝግጅት ክፍል ነው። ቀጣዩን የቮልስ ጽሑፍ ስታዘጋጁ ዘጋቢያችሁ መኪናው ከመቀባቱ በፊት እንዲመጣ፣ ፎቶግራፉም ከወለሉ እንዲጀምር፣ ከባለመኪናውም በተጨማሪ ላሜራውን የቀጠቀጠው ሰው ስም አብሮ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የባትላሜራ ባለሙያ
አዲስ አበባ